አክብሮት ነው ወይስ ተከታይ?

ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ቆማችሁ አዳምጣችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዱ «ነው» ይላል፤ ሌላው «አይደለም» ይላል፤ ድምፃቸው ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ተኳርፈው ይለያያሉ። ነገሩን በጥሞና የተከታተለ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ይታዘባል። ይኸውም ተከራካሪዎቹ አንዱን ቃል በተለያየ ፍች ይዘውት እንደ ነበር ነው። የአስተያየት ድርሰት ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ጉዳይ ይህ ስለሆነ፣ በፊልም ወዳጆች መካከል ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር የቆየ አንድ ጥያቄ አንሥቼ የራሴን አስተያየት አቀርብላችኋለሁ።

ክርክሩ የተነሣው አሜሪካዊው ኩዌንቲን ታራንቲኖ ጽፎ ባዘጋጀው፣ በአማርኛ «ሰንሰለቱ የተፈታ ጃንጎ» ልንለው በምንችለውና በ2012 ለሕዝብ በቀረበው ፊልም ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገሚሶቹ ተመልካቾች ፊልሙ ከ46 ዓመት በፊት ለተሠራ ለአንድ የኢጣሊያ ፊልም የቀረበ የአክብሮት ሥራ ነው ይላሉ። የቀሩት ደግሞ፣ የለም፣ የዚያው የኢጣሊያ ፊልም ተከታይ ነው፤ ያውም ይፋ ያልሆነ ተከታይ ነው ይላሉ። ፊልሙ ደም የበዛበትና ጸያፍ ስድብ የሚነገርበት በመሆኑ በእናንተ ዕድሜ ላሉ ተማሪዎች የተዘጋጀ አይደለም። ሳታዩትም ቢሆን ክርክሩን ለመከታተል አያዳግታችሁምና ታሪኩን ከሥሩ ጀምሬ ልንገራችሁ።

በ1966 ሰርጆ ኮርቡቺ የተባለው ኢጣሊያዊ አዘጋጅ «ጃንጎ» የሚል የካውቦይ ፊልም አወጣ። ፊልሙ ሲጀምር አንድ ሰው ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ፣ ኮርቻ ተሸክሞ፣ የሬሳ ሣጥን በገመድ እየጎተተ በጭቃ ውስጥ ሲጓዝ ይታያል። ኮርቻ አለው፤ ፈረስ ግን የለውም። ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ለማንም አይናገርም። ኋላ ሲከፈት ከውስጡ የሚወጣው መትረየስ ነው። ይህ ሰው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰልፎ የተዋጋ ወታደር ሲሆን፣ የሚወዳትን ሴት የገደለበትን የደቡብ መኮንን ለመበቀል የመጣ ነው። ቀይ ጭምብል በሚያጠልቁት በመኮንኑ ሰዎችና በሜክሲኮ አብዮተኞች መካከል ይገባል፤ እጆቹ ተቀጥቅጠው የጣት ቃታ መሳብ እስኪሳነው ድረስ መከራ ይቀበላል፤ በመጨረሻም በመቃብር ስፍራ ሽጉጡን መስቀል ላይ አስደግፎ ጠላቶቹን ይጥላል። የጃንጎን ቦታ ይዞ የተጫወተው ተዋናይ ፍራንኮ ኔሮ ይባላል። አዘጋጁ ስሙን የወሰደው በ1928 በእሳት አደጋ ሁለት ጣቶቹ ተጎድተውበት እንኳ ጊታር መጫወቱን ካልተወው ከጃንጎ ራይንሃርት እንደሆነ ይነገራል። እንዲያ ከሆነ ስሙ ራሱ ከመነሻው ለሌላ ሰው የተሰጠ የአክብሮት መታሰቢያ ነበር ማለት ነው።

ፊልሙ እጅግ ስለተወደደ ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያስቃል። በኢጣሊያ የሚሠሩ የካውቦይ ፊልሞች አንድ በአንድ «ጃንጎ» መባል ጀመሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚህ ስም የወጡት ፊልሞች ከሠላሳ እንደሚበልጡ ይገመታል። ከእነዚህ በብዙዎቹ ውስጥ ፍራንኮ ኔሮ የለም፤ የሬሳ ሣጥኑ የለም፤ አንዳንዴም ጃንጎ የሚባል ሰው ራሱ የለም። በጀርመን አገር ደግሞ ፍራንኮ ኔሮ የተጫወተበትን ሌላ ፊልም ሁሉ በጃንጎ ስም ማሳየት ተለመደ። በእኛም አገር የዚህ ዓይነት ነገር አለ። ማንም የተናገረው ቀልድ ትንሽ ብልኃት ካለበት «አለቃ ገብረ ሐና እንዲህ አሉ» ተብሎ ይነገራል። አለቃ በሕይወታቸው የተናገሩት እውነተኛ ቀልድ የቱ እንደሆነ መለየት እስኪቸግር ድረስ የሌላው ሰው ጨዋታ ሁሉ በእሳቸው ስም ተከማችቷል። ስም ሲገን እንደ ማግኔት ነው፤ በዙሪያው ያለውን ይስባል።

ታዲያ ይፋ ያልሆነ ተከታይ የሚባለው በትክክል የዚህ ዓይነቱ ነው። በ1968 ቴሬንስ ሂል ጃንጎ ተብሎ የተጫወተበት ፊልም እንኳ ቢያንስ የሬሳ ሣጥኑንና መትረየሱን ይዞ ነበር። ሌሎቹ ግን ከስሙ በቀር የያዙት የለም። ከካውቦይ ፊልም ውጭም ምሳሌ ብትፈልጉ፣ የአሜሪካዊው የጆርጅ ሮሜሮ ፊልም በ1978 በኢጣሊያ «ዞምቢ» በሚል ርእስ ታየ፤ በዓመቱ ሉቾ ፉልቺ የተባለው ኢጣሊያዊ ከዚያ ታሪክ ጋር የማይገናኝ የራሱን ፊልም «ዞምቢ 2» ብሎ አወጣው። ቁጥሯ ለንግድ የገባች ቁጥር ናት። ፍራንኮ ኔሮ ራሱ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሶ የተጫወተበትና እንደ ይፋዊ ተከታይ የሚቆጠረው የጃንጎ ፊልም የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ነበር።

አሁን ወደ ታራንቲኖ ፊልም እንመለስ። የዚህኛው ጃንጎ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ባሪያ ሆኖ የተሸጠ ሰው ነው። ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የነበረና ወንጀለኞችን እያደነ ወሮታ የሚቀበል ሰው ነጻ ያወጣዋል፤ ሁለቱም ተባብረው በሚሲሲፒ ግዛት በአንድ ጨካኝ የእርሻ ባለቤት እጅ የወደቀችውን የጃንጎን ሚስት ለማስለቀቅ ይጓዛሉ። ተከታይ ነው የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ማስረጃ ቀላል አይደለም። ስሙ ያው ጃንጎ ነው። ፊልሙ ሲከፈት የሚሰማው ዘፈን ሉዊስ ባካሎቭ ለ1966ቱ ፊልም ያዘጋጀው ያው ዘፈን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍራንኮ ኔሮ በአካል ይመጣል። በአንድ የመጠጥ ባንኮኒ አጠገብ ያረጀው ኔሮ አዲሱን ጃንጎ ስሙን ይጠይቀዋል፤ እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍም ያስቆጥረዋል። ወጣቱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ የመጀመሪያው ፊደል በንባብ እንደማይሰማ ሲያስረዳው፣ ሽማግሌው ይህን እንደሚያውቅ ተናግሮ ይሄዳል። (በላቲን ፊደል ስሙ የሚጀምረው ድምፅ በሌለው ፊደል ነው። በእኛ «ጃ» ሲጻፍ ግን ይህ ችግር የለም።) «አዎን፣ አውቃለሁ» የሚለው የቀድሞው ጃንጎ ካልሆነ ሌላ ማን ነው? ይላሉ ተከራካሪዎቹ።

የእኔ አስተያየት ከእነዚህ ይለያል። ምክንያቴን ከመናገሬ በፊት ግን ቃላቱን ልለያያቸው። «ተከታይ» የሚለው ቃል የሚናገረው ስለ ታሪኩ ነው፤ በመጀመሪያው ሥራ የሆነው ነገር በሁለተኛውም እንደሆነ ይቆጠራል፤ የሞተው ሞቷል፤ የቆሰለው ጠባሳ ይዞ ይመጣል። «ይፋ ያልሆነ» የሚለው የሚናገረው ስለ መብትና ስለ ፈቃድ ነው፤ ይህም በውልና በፍርድ ቤት የሚታይ ጉዳይ ነው። «አክብሮት» የሚለው ደግሞ ስለ ደራሲው አሳብና ስለ ሥራው አኳኋን የሚናገር ቃል ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ ተከታይም አክብሮትም በአንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱም አንዱን ሳይሆንም ሊቀር ይችላል። «ይህ ካልሆነ ያ ነው» ብሎ መከራከር «ልብሱ ቀይ ነው ወይስ ሰፊ?» ብሎ እንደ መከራከር ነው።

በታሪኩ መዝነን ስናየው፣ አዲሱ ፊልም ተከታይ ሊሆን አይችልም። የቀድሞው ጃንጎ የተዋጋበት ጦርነት የተጀመረው በ1861 ሲሆን ያበቃው በ1865 ነው፤ ወደ ድንበሩ ከተማ የሬሳ ሣጥኑን እየጎተተ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የታራንቲኖ ፊልም የሚጀምረው ግን በ1858 ነው። (ፊልሙ ራሱ በመግቢያው ጦርነቱ ሊጀመር ሁለት ዓመት ሲቀረው ብሎ ይጽፋል፤ ሂሳቡን እናንተው አስሉትና ስሕተቱን አግኙት።) ታዲያ በ1858 በባንኮኒው አጠገብ የቆመው ሽማግሌ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ጎልማሳ ሆኖ ከጦርነት የሚመለስ ወታደር እንዴት ሊሆን ይችላል? በዚያ ላይ ሽማግሌው በፊልሙ ውስጥ የራሱ ሌላ ስም አለው። ፊልሙ ሲጀምር በሚታየው የተዋንያን ዝርዝርም ፍራንኮ ኔሮ በወዳጅነት የተሳተፈ መሆኑ ተገልጿል። ሰውየው ለሰላምታ ጎራ ያለ እንግዳ ነው። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚም በ2013 ለታራንቲኖ የሰጠው ሽልማት በወጥ የፊልም ድርሰት ዘርፍ ነው፤ ተከታይ ፊልሞች ደግሞ በአካዳሚው ደንብ የሚመደቡት ከሌላ ሥራ ተወስደው በተጻፉት ዘርፍ ነው። የአካዳሚ ፍርድ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ሆኖም አንድ ምስክር ነው።

ከእናንተ መካከል ተጠራጣሪ የሆነ ተማሪ «አክብሮት የሚለው ቃል የሌብነት መሸፈኛ ቢሆንስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በዚሁ በካውቦይ ፊልም ታሪክ ውስጥም ምላሽ አለው። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1961 «ዮጂምቦ» የተባለውን ፊልም ሠራ፤ አንድ ጌታ የሌለው ሳሙራይ በሁለት ጠበኛ ወገኖች መካከል ገብቶ እርስ በርሳቸው የሚያጫርስበት ታሪክ ነው። ሰርጆ ሊዮኔ ይህን ታሪክ በ1964 ሰይፉን ወደ ሽጉጥ ለውጦ «አንድ እፍኝ ዶላር» በሚል ርእስ አወጣው፤ የኩሮሳዋን ስም ግን አልጠራም። ኩሮሳዋና ፊልሙን ያሠራው ቶሆ የተባለው ድርጅት ክስ አቀረቡ። ሊዮኔ በበኩሉ ታሪኩ ከዮጂምቦ በፊት በኢጣሊያዊው ጸሐፌ ተውኔት በጎልዶኒ ሥራ ውስጥ የነበረ ነው ብሎ ተሟገተ። በመጨረሻ ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ፣ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ካስገባው ገቢ 15 በመቶው፣ እንዲሁም በጃፓንና በአንዳንድ የእስያ አገሮች ፊልሙን የማሳየት መብት ለጃፓኖቹ ተሰጠ። ፊልሙም በአሜሪካ የታየው እስከ 1967 ዘግይቶ ነው። በነገራችን ላይ የኮርቡቺ ጃንጎም በሁለት ወገን መካከል የሚገባ ብቸኛ ሰው ነውና፣ ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ውኃ ጠጥቷል።

ልብ በሉ፤ የሊዮኔ ፊልም መጥፎ ፊልም አይደለም። ብዙዎች ከዋናው አሳንሰው አያዩትም። የጎደለው ነገር ባለውለታውን በስም መጥራት ነው። ታራንቲኖ ግን ውለታውን አልደበቀም፤ ስሙን በርእሱ ላይ ጻፈው፣ ዘፈኑን በመግቢያው አሰማው፣ ሽማግሌውን ተዋናይ ጋበዘው። የሰረቀውን በሬ በአደባባይ የሚነዳ ሌባ የለም።

በዚህ ነገር ላይ እንዲህ አጥብቄ የምናገረው እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ስለበደልኩ ነው። አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ተረት እንዲጽፉ አዘዝኩ። አንዲት ልጅ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ኃጢአታቸውን የተናዘዙበትን፣ ሥጋ በሎቹ ሁሉ ይቅር ተባብለው ሣር የበላችውን አህያ ኃጢአተኛ ብለው የፈረዱባትን ተረት ጻፈች። የመጀመሪያዎቹን አምስት መስመሮች ስመለከት ሁላችንም የምናውቀው ተረት ስለሆነብኝ በቀይ እስክሪብቶ «ኩረጃ ነው» ብዬ ዜሮ ሰጠሁ። ልጅቱ አላማረረችም። ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘው አንድ ባልደረባዬ አንብቦ ሲጨርስ «ለመሆኑ ሁለተኛውን ገጽ ገልጠኸዋል?» አለኝ። በሁለተኛው ገጽ የአህያዋ ውርንጭላ አድጋ፣ እናቷ በድላዋለች የተባለው ሣር በእርግጥ ተበድሎ እንደሆነ ልትጠይቀው ወደ ሜዳው ትወርዳለች። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ዓመት ካረምኳቸው ደብተሮች ውስጥ በአንዱም አልነበረም። ውጤቱን አስተካከልኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ሆኖም ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስለ ንጽሕና ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ትምህርት ጥቅም ብቻ ነበር የምትጽፈው።

የታራንቲኖ ፊልምም ሁለተኛ ገጽ አለው። የሁለቱን ፊልሞች መግቢያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአሳባችሁ ተመልከቱ። በመጀመሪያው አንድ ነጭ ወታደር ብቻውን፣ በገዛ ፈቃዱ፣ የሬሳ ሣጥን ይጎትታል። በሁለተኛው፣ ዘፈኑ ያው ሆኖ፣ የስሞቹ ጽሑፍም እንደ ቀድሞው በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ በሰንሰለት የተቆራኙ ጥቁር ሰዎች ጀርባቸው በጅራፍ ጠባሳ ተተልትሎ በድንጋያማ ምድር ላይ ይነዳሉ። የቀድሞው ሸክሙን መርጦ ያዘ፤ እነዚህ ግን በሸክምነት ተይዘዋል። ዘፈኑም ለዋናው ጃንጎ ፍቅሩን ለዘላለም እንዳጣ የሚነግር ሐዘን ነው፤ የእሱ ሴት ሞታለች፤ የቀረው በቀል ብቻ ነው። የአዲሱ ጃንጎ ሚስት ግን በሕይወት አለች። ስለዚህ ዘፈኑን የሰማ፣ የቀድሞውንም ፊልም የሚያውቅ ተመልካች ሐዘን ሲጠብቅ ተስፋ ያገኛል። ተከታይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር፤ የነጩ ወታደር ሐዘን ይቀጥል ነበር እንጂ በአሜሪካ የካውቦይ ፊልሞች ውስጥ ለብዙ ዘመን የጀግንነት ቦታ ያላገኘው ጥቁር ሰው በፈረስ ላይ አይቀመጥም ነበር።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ፊልሙን በሙሉ ልቤ አመሰግናለሁ ማለት አልችልም። ጥቁር አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ስፓይክ ሊ በ2012 መጨረሻ ፊልሙን እንደማያየው አስታውቆ ነበር። የአሜሪካ ባርነት የሰርጆ ሊዮኔን የመሰለ የኢጣሊያ ካውቦይ ፊልም አልነበረም፤ በአባቶቼና በእናቶቼ ላይ የደረሰ እልቂት ነው፤ ፊልሙም ለእነሱ ንቀት ነው የሚል ነበር ተቃውሞው። ሳያዩ መፍረድ ተገቢ አይደለም የሚሉ አሉ፤ እኔም ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምመክረው እንዲሁ ነው። ነገር ግን የሰውየውን ጥያቄ ቸል ልንለው አይገባም። አክብሮት ነው ካልን፣ አክብሮቱ ለማን ነው? ለኢጣሊያ ፊልም ሠሪዎች ነው ወይስ በሰንሰለት ለተነዱት ሰዎች? በመግቢያው ላይ ለሁለቱም ነው ብዬ አምናለሁ። በሁሉም ቦታ ግን እንዲያ አይደለም።

የፊልም ወዳጆች እየሣቁ የሚያወሩለትን የባንኮኒውን ትርኢት እንደገና አስታውሱ። ብዙዎቹ ከእሱ ቀድሞ የሆነውን አይጨምሩበትም። በዚያው ቤት ውስጥ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሁለት ባሪያዎች ለጌቶቻቸው መዝናኛ እስከ ሞት እንዲደባደቡ ተደርገው ነበር። የተሸነፈው ተገድሏል። የዚያ የተገደለው ሰው ጌታ ማን መሰላችሁ? ያው ሽማግሌ ነው፤ ፍራንኮ ኔሮ። ገንዘቡን ተበልቶ፣ መጠጥ ሊጠጣ ወደ ባንኮኒው መጥቶ ነው ወጣቱን ስሙን የሚጠይቀው። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ የቀድሞውን ፊልም የሚያውቁት ሁሉ በዚህ ጊዜ ደስ ብሏቸው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ፊደሉ ሲቆጠር ፈገግ ይላሉ፤ ሽማግሌውም ተሰናብቶ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በፊልሙ ውስጥ አይታይም። እኔ ግን ዓይኔ ሬሳው ወዳለበት ወደ ወለሉ ስለቀረ፣ አብሬያቸው መሣቅ አልቻልኩም።